ለወንድሜ ስማርት ሰዓት ይምጣለት ወይስ ቴርሞሜትሩ ይበቃል?

የከዚራዋ እህት

ሰላም ጀመዓ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ሕመሙ አጣዳፊ ሉኪሚያ ነበር፣ የደም ካንሰር። ኬሞውን ጨርሶ ህንድ ሄድን፤ እዚያ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ለጋሿ እኔ ነኝ። ለእናታችን አምስት ነን። የአንድ እናትና አባት ልጅ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው አሉን። ሁላችንም ተመረመርን፣ የእኔ ገጠመ። የእሱ የደም ዓይነት ቢ ነበር፣ የእኔ ኦ ነው። አሁን የእሱም ቀስ እያለ ወደ ኦ እየተለወጠ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ «የመጀመሪያውን እኔ ወለድኩት፣ ሁለተኛውን አንቺ» አለችኝ። አለቀስኩ።

በ102ኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን። ዛሬ 118ኛው ቀን ነው።

ያስጨነቀኝን ልንገራችሁ። በ109ኛው ቀን ማታ ሰውነቱ ጋለ። ስለካው 38.4 ሆነ። ቅርባችን ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል አልኳቸው፣ የህንዱን ወረቀትም አሳየሁ። የወባ ምርመራ አደረጉለት፤ የለበትም አሉ። ፓራሲታሞል ሰጡንና «ነገ ካልተሻለው ተመለሱ» ብለው ሸኙን። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የቴርሞሜትሩን ፎቶ በዋትሳፕ ለዴልሂው ዶክተር ላክሁ። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለ። «ነገ የሚባል ነገር የለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ግቡ። ደም ለካልቸር (ጀርም እንዳለ ለሚታይበት ምርመራ) ይወሰድ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ይጀመርለት» አለኝ። ባጃጁን አዙር አልኩት። ሳንባው ላይ ኢንፌክሽን ነበር። አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ፣ ተመስገን።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየሰዓቱ ተነስቼ ግንባሩን እዳብሳለሁ። እሱ ይነቃል፣ ይናደድብኛል። ደግሞ አገሩ ድሬ ነው። ቀትር ላይ ግድግዳው ራሱ ያተኩሳል። የእሱ ትኩሳት ይሁን የቤቱ ሙቀት በእጄ እንዴት ልለየው?

ጅቡቲ ያለው የአጎታችን ልጅ ስማርት ሰዓት ላምጣለት ይላል። ወደ ብር ሲመነዘር 20,000 ገደማ ነው። ልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ የቆዳ ሙቀት፣ እንቅልፍ፣ ሁሉንም ይለካል አለኝ። ወንድሜ ደግሞ «እንደ እስረኛ ልታስሪኝ ነው?» ይላል። ያለን ገንዘብ የተቆጠረ ነው። ለመድኃኒትና ለአዲስ አበባው ምርመራ የምናስቀምጠው ነው።

ሌላው የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። የእኔ ሴሎች ገላውን እንዳይዋጉት የሚሰጠውን ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ ይወስዳል። ህንድ እያለን ስልኬ ላይ የማስታወሻ አፕ ጭነውልኝ ነበር፤ ጠዋት በፈረንጅ 8፡00፣ ማታ 8፡00። ድሬ ከገባን ጀምሮ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጮኻል። እማዬ ልታግዘኝ ብላ በራሷ ስልክ «2 ሰዓት» ብላ አስተካከለች፤ የእሷው ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው። አንድ ቀን ጠዋት በዚሁ ግርግር አንድ ክኒን ሊደገምበት ነበር።

ሰዓቱን ያደረጋችሁ ወይም ያስታመማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ገንዘቤን ምን ላይ ላውለው?

ሲስተር ዘሐረር

አብሽሪ እህቴ። ሐረር ነው የምሠራው፣ ነርስ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ የላክሽው ፎቶ ከየትኛውም ሰዓት በልጦ ሠርቷል። ታካሚውን የሚያውቅ ሐኪም ቁጥሩን በአምስት ደቂቃ አየው። ይህን መንገድ እንዳይቋረጥ አድርጊ። የሐኪሙን ስልክ በአንቺ ብቻ ሳይሆን በእናትሽም በወንድምሽም ስልክ ያዢ። ዳታ ካለቀ በተራ ስልክ መደወል እንዲቻል ሁልጊዜ የውጭ ጥሪ የሚሆን ሂሳብ ይኑር።

ለትኩሳት የሚታመነው ቴርሞሜትር ነው። ሰዓቱ የሚያየው የእጅ ቆዳን ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ሰዓቶችም ከወትሮው ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንዳለ እንጂ ትኩሳት አለ የለም አይሉም። የቆዳ ሙቀት በድሬ ቀትር ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው። ግንባር ላይ የሚተኮሰውንም አልወድልሽም፤ ላብና የክፍሉ ሙቀት ያሳስተዋል። ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዢ። አንዱ ባትሪው ቢያልቅ ሌላው አለ። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸው፣ መስኮት ላይ አይሁኑ። ስትለኪው ከፀሐይ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ አርፎ ይሁን። በአፍ ከሆነ ሻይም ቀዝቃዛ ውሃም ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በብብት ከሆነ ቁጥሩ ከአፉ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ለኪ፣ የት እንደለካሽም ጻፊ። በፊንጢጣ ፈጽሞ አይለካም፣ ለእሱ ዓይነት ታካሚ ያ ራሱ ኢንፌክሽን ያስገባል።

ብዙ ቦታ የመደወያው መስመር 38 ነው። ዶክተራችሁ ሌላ ቁጥር ሰጥቷችሁ ከሆነ እሱን ያዙ። ፓራሲታሞል ሳትለኪና ሳትደውይ አትስጪው። ትኩሳቱን ይሸፍንልሻል፣ ኢንፌክሽኑን ግን አይነካውም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱ ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። ብርድ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ቴርሞሜትሩ 37.2 ቢልም ደውይ።

ስለ ክሊኒኩ አንድ ነገር ልበል። ወባ መመርመራቸው ትክክል ነው። ድሬ ላይ በፈረንጆቹ 2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ወባ ተነስቶ ነበር። የ2022ቱን ያመጣችው ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ናት፤ ከተማ መሐል በበርሜልና በታንከር ውሃ ትራባለች። ስለዚህ የውሃ በርሜላችሁ ይከደን፣ አጎበሩም አይረሳ። የሚያናድደኝ ወባ የለም ካሉ በኋላ እዚያው ማቆማቸው ነው። የመከላከያ አቅሙ ገና ያልቆመ ሰው ሲያተኩሰው አንቲባዮቲክ የሚጀመረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው፣ ለነገ አይባልም። ለዚህ የሚረዳሽ ትንሽ ካርድ አለ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፊው፦ ከሌላ ሰው የተወሰደ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ታካሚ ነው፣ የተደረገበት ቀን፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ 38 ከሆነ ካልቸርና አንቲባዮቲክ ወዲያው፣ የሐኪሙ ስልክ። ዶክተሩ አይቶ ይፈርምበት። አንዱን ፎቶ አንስተሽ የወንድምሽ ስልክ ሲቆለፍ በሚታየው ገጽ ላይ አድርጊው። ተረኛው ሐኪም 40 ገጽ የህንድ ወረቀት አያነብልሽም። ያችን ግን ያነባል።

የምትልኪለት መዝገብ አጭር ይሁን። በቀን አንድ መስመር፦ ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ ክብደት፣ ስንት ጊዜ ሰገራ ተቀመጠ፣ ምን ያህል ጠጣ፣ የትኛው መድኃኒት ተዘለለ። ቆዳውን በየቀኑ እዪ፤ በተለይ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ። ሽፍታ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ካየሽ የአንቺ ሴሎች ገላውን እየተዋጉት ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ሁልጊዜ በመስኮት ብርሃን አንሺ፣ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም አድርጊ። ያኔ ሐኪሙ መስፋት አለመስፋቱን ይለያል። በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ግን አትልቀቂው፤ ገላው የራሱ ነው።

አንድ ደግሞ። የታክሮሊመስ መጠን ሲመረመር ደሙ የሚወሰደው የጠዋቱ ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። አላርሙ በልማድ ያስውጠዋል። የምርመራ ቀን ማታ ላይ የጠዋቱን አላርም አጥፊው።

ጋሼ ዳግም

እኔም ሐረር ነኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ንቅለ ተከላው ከተደረገልኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የእኔ ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር ነው፤ ሴሉ ከራሴው ተሰብስቦ ነው የተመለሰልኝ። ስለዚህ የወንድምሽ መንገድ ከእኔ ይረዝማል፣ ጥንቃቄውም ይበዛል። ሰዓቱን ግን አስሬዋለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ልጄ ያመጣችልኝ ጊዜ እኔም እንደ ወንድምሽ ነበርኩ። አራት ወር መርፌ፣ ቱቦ፣ ፕላስተር ሲለጠፍብህ ኖረህ ቤትህ ስትገባ ሌላ ነገር እጅህ ላይ ሲታሰር ይከፋሃል። አትፍረጂበት።

የጠቀመኝ አንድ ቁጥር ነው፤ ተኝቼ ሳለሁ የሚለካው የልብ ምት። የእኔ ወትሮ 66፣ 68 ነው። አንድ ሰሞን ሁለት ሌሊት ተከታትሎ 80ን አለፈ። ቀን ላይ ምንም አልተሰማኝም። ልጄ በየአራት ሰዓቱ ትለካኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት 38.1 አገኘችኝ። ያን ቀን ገና ሳልወድቅ በእግሬ ሄጄ ሆስፒታል ገባሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲሁ ከፍ ብሎ ምንም ሳይሆን ተመልሷል፤ ውሃ አልጠጣሁም ነበር። ሰው ሲያተኩሰው፣ ደሙ ሲያንስ፣ ውሃ ሲጠማው፣ ቡና ሲያበዛ፣ ጫት ሲቅም ልቡ ይፈጥናል። ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርሽም። ቴርሞሜትሩን አንሺ ይልሻል፣ በቃ። (ጫት ካነሳሁ አይቀር፦ ወንድምሽ የሚቅም ከነበረ አሁን አይቻለውም። ጥሬ ቅጠል ነው። ሳይፈላ የመጣ የግመል ወተትም እንደዚያው፣ ዘመድ በፍቅር ይዞ ቢመጣም።)

ያስደነገጠኝ ደግሞ ኦክስጅኑ ነው። አንድ ሌሊት 86 አለኝ። ቤቱ ተተራመሰ። ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ሲታይ 95 ነኝ። ማሰሪያው ላልቶ ነበር። ሰዓቱ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ ነው የሚያነበው፤ ሲላላ፣ ስትንቀሳቀሺ፣ እጅ ሲቀዘቅዝ ይሳሳታል። የባሰው የተገላቢጦሹ ነው። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የጣቱ መለኪያ ራሱ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ደህና ነው ያለሽን ሁሉ አትመኚው። ትንፋሽ ካጠረው ቁጥሩን ትተሽ ሂጂ። የጣቱን መለኪያ ከገዛሽ መጀመሪያ በራስሽ ጣት ሞክሪው፤ ሂና የሌለበት ጣት ይሁን፣ በተለይ ጥቁሩ ሂና ብርሃኑን ያግደዋል።

እርምጃውን ወደድኩት። የመጀመሪያው ሳምንት 300 እርምጃ ነበር፣ ከአልጋ እስከ በረንዳ። በሦስተኛው ወር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር ቁልቁል እወርድ ነበር፤ በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ማስክ አድርጌ። መመለሻው ዳገት ነው። ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፋለሁ። ሐኪሜ ከሁሉ ይልቅ ይህን ነው የሚጠይቀኝ፤ ሳምንቱ ከሳምንቱ እንዴት ነው ይለኛል። እርምጃው በአንዴ ሲወርድ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ማሰሪያውን በየቀኑ እጠቡት፣ ከሥሩ ያለውን ቆዳም እዩ። ማስጠንቀቂያ ድምፁን ሁሉ አጥፉት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ማየት ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ አፍጥጬበት ልቤን ራሴው አስቸኩለው ነበር።

ለአንቺም አንድ ነገር። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ለንቅለ ተከላ ታካሚዎች ሮድማፕ የሚባል አፕ ሠርተው ነበር። በኋላ ባደረጉት ጥናት ሰዓቱን ለታካሚው ብቻ አላሰሩም፤ ለአስታማሚውም አሰሩለት። የአስታማሚ እንቅልፍና ድካምም የሕክምናው አካል ነው ብለው ነው። አንቺ መቅኔሽን ሰጥተሻል። አሁን ደግሞ ሌሊትሽን እየሰጠሽ ነው። ከእናትሽ ጋር ተረኛ ሁኑ፣ ልጄ።

ስልክ ጠጋኙ ከአሸዋ

እህታችን፣ አቦ እግዜር ይማርልሽ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ዕቃው ብቻ ልናገር።

የአላርሙ ነገር ቀላል ነው። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። አፑ የህንድን ሰዓት ይዞ ቀርቷል፤ የዴልሂ 8፡00 እዚህ 5፡30 ነው፣ በእኛ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። አፑ ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ቀይሪ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። የእማማ ስልክ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። ለጠዋቱ 2 ሰዓት 08፡00፣ ለማታው 20፡00 ብለሽ ሙዪላት፣ ባለ 24 ሰዓቱን አድርጊው። የአላርሙን ስም «ጠዋት 2 ሰዓት ታክሮሊመስ» ብለሽ በአማርኛ ጻፊው። ክኒኑ እንዳይደገም የሳምንት ክኒን ሳጥን ግዢ፤ አላርም ጮኸ አልጮኸ ባዶውን ቤት ታዪዋለሽ።

ቀኑም ያምታታል። የህንዱ ወረቀት በፈረንጅ ነው፣ የእኛ ክሊኒክ በኢትዮጵያ ይጽፋል። መዝገብሽ ላይ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ጻፊ፣ 118 ብለሽ። ያ በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ሰዓት ገበያ ላይ ተጠንቀቂ። ደም ግፊትም፣ ያለ መርፌ ስኳርም እለካለሁ የሚል ርካሽ ሰዓት ሞልቷል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2024 የካቲት ላይ፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓትም ቀለበትም ፈቃድ እንዳልሰጠ አስታውቋል። ያን የሚል ሰዓት ሌላውን ቁጥሩንም አትመኚው። ጅቡቲ ላለው ልጅ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል፣ ያለ ኢንተርኔት የሌሊቱን መዝገብ ይይዛል ወይ፣ ከአንቺ ስልክ ጋር ይሠራል ወይ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሞት ሰዓት አይጠቅምሽም። ስልክሽ ግን መሞት የለበትም። ከሰዓቱ በፊት ጥሩ ፓወር ባንክ ግዢ። እዚሁ ድሬ፣ አሸዋ ያለው ሱቄ ብትመጪ አፑን በነፃ አስተካክልልሻለሁ።

የከዚራዋ እህት

ሲስተር፣ ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ሦስታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሥር ቀን የጠፋሁት ልሞክረው ብዬ ነው። ዛሬ 128 ላይ ነን።

ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ የክኒን ሳጥንና ፓወር ባንክ ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ የሰዓቱን ዋጋ አልደረሰም። አፑ ተስተካክሏል። አሸዋ ድረስ ሄጄ ነው፣ ልጁም ገንዘብ አልቀበል አለኝ። ካርዱን የዴልሂው ዶክተር አርሞ፣ ፈርሞ ላከው። ከካርዱ ላይ አንድ መድኃኒት ረስቼ ነበር፣ እሱ ነው ያስገባው። ከዚያ ወደዚያው ክሊኒክ ተመልሼ ካርዱን ሰጠኋቸው። ለመጣላት አልሄድኩም። ተረኛዋ ልጅ አነበበችው፤ ፎቶ አንስታ ለባልደረቦቿ ላከችው።

ሰዓቱን ልተወው ብዬ ነበር። የጋሼን ጽሑፍ ለወንድሜ ሳነብለት ኤረር በር ላይ ስደርስ አስቆመኝ። «ድገሚው» አለኝ። ሲታመም እኮ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ስለ ልብ ምቱ ምንም አላለም፣ እርምጃው ነው የገባው። የአጎታችን ልጅ በግማሽ ዋጋ ያገለገለ ሰዓት ላከልን። የሚያስረው በአንድ ስምምነት ነው፦ ማየት የምችለው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፣ ሌሊት ግንባሩን መንካት ደግሞ ክልክል። ተስማማሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከበሩ ውጭ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። አሁን ከእማዬ ጋር ተረኛ ነን። ትናንት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

አመሻሽ ላይ ፀሐዩ ሲበርድ በከዚራ ዛፎች ሥር ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል እንሄዳለን፣ እሱ ማስኩን አድርጎ። መጀመሪያ ቀን 700 ነበር፣ ትናንት 1,900። ሦስት ቀን በፊት ወደ 400 ወረደና ደነገጥኩ። ለካሁት፤ 36.8። ክብደቱም እንደነበረ ነው። ጠየቅሁት። የቀድሞ ቡድኑ ጨዋታ ነበረው፣ በስልክ ሲያይ ነው የዋለው።

ሐሙስ አዲስ አበባ ለታክሮሊመሱ ምርመራ እንበራለን። ረቡዕ ማታ አላርሙን አጠፋዋለሁ። የጠዋቱ ክኒን በእኔ ቦርሳ ነው የሚሄደው፣ ደሙ እንደተቀዳ እዚያው ይውጠዋል።